የጦስኝ ሌላው ሙያ

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ደጋ፣ በጎች በሚሰማሩበት መስክ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ትንሽ ተክል አለ፦ ጦስኝ። የአካባቢው ሰው ለሻይና ለቅመም ያውቀዋል። በእንፋሎት ሲጣራ የሚወጣው ዘይት ግን ሌላም ሙያ አለው።

ዘይቱ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች የሻጋታን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳሉ። በመጋዘን ፖም የሚያበሰብሰው ሰማያዊ ሻጋታና ወይን የሚያጠቃው ግራጫው ሻጋታ በቤተ ሙከራ ተሸንፈውላቸዋል። ውህዶቹ ደግሞ ተናኝ ናቸው፤ ፍሬውን ሳያረጥቡ በጠረናቸው ብቻ ይደርሱበታል።

ነገሩ ከቤተ ሙከራም ወጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ታይሞልን ለሰብል መከላከያነት ፈቅዷል፤ ከቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ከዩጂኖል ጋር ተቀላቅሎ ወይን ላይ ይረጫል።

የዘይቱ መጠን ሲበዛ ግን የፍሬውን ልጣጭ ያቃጥላል፤ ጠረኑም ፍሬው ላይ ይቀራል። ጦስኝ ጦስኝ የሚል ፖም ማን ይገዛል?