ጩኸት ሲበስል

ጊታር ጮክ አድርጎ መጫወት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ለስለስ ያለ ትዝታ በምንጫወትበት ምሽት ሰነፍ ጣት ከዘፋኙ ድምፅ ጀርባ ይሸሸጋል። ማጉያው ከፍ ሲል ግን ያልታፈነ ክር ሁሉ ይንጫጫል፤ ለጥቂት ዘግይቶ ያረፈ እጅ አዳራሹ ሙሉ ይሰማዋል፤ ዝም ሊባል የሚገባው ቦታ በፉጨት ይሞላል። ጀማሪ ጊታሪስት ሲያጋጥመኝ ስለ ፍጥነት የማላወራው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ክሩን በመዳፉ ማፈን ይማር።

ይህን ጥበብ ከማንም በላይ የተማርኩት ከዘ ኤክስ ቅጂዎች ነው። በ1979 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ኔዘርላንድ ውስጥ የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። ባዶ ሕንፃዎችን እየያዙ ከሚኖሩት የዚያን ዘመን ወጣቶች እንቅስቃሴ የወጣ ሲሆን፣ ስሙም የተመረጠው ግድግዳ ላይ በስፕሬይ ቶሎ ተጽፎ ስለሚያልቅ ነው። በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ያወጡት ሥራ ከሸክላዎቹ ጋር የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነበረው። ድምፃዊው ጂ. ደብልዩ. ሶክ በ2009 ሲለቅ አርኖልድ ደ ቡር ተተካ፤ በ2025ም አዲስ አልበም ወጣ። ብዙ የፓንክ ባንድ ሲያረጅ የራሱን ወጣትነት እየደገመ ይኖራል፤ እነዚህ ግን አዲስ ሥራ ማስቀደም ልማዳቸው ነው።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር ጊታር ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ሙሉ ኮርድ እምብዛም አይመቱም። አንዱ ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ይዞ ይደጋግማል፤ ሌላው እሱ በተወው ክፍተት ይገባል። ከ1984 ጀምሮ ድራም ላይ ያለችው ካትሪና ቦርንፌልድ ጸናጽሉን ከማንጫጫት ይልቅ ቶሞቹንና የብረት ደወሉን እያፈራረቀች ምቱን ታዞረዋለች። ለብቻቸው ቢሰሙ እያንዳንዳቸው ጥቂት ነገር ነው የሚሠሩት። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ደረት ይመታል። ጩኸታቸው ይህን ያህል ዘመን ሳይሰለች የቆየው እርስ በርስ ስለሚደማመጡ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ከማንም ቀድሞ የሰማው የእኛው ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ይመስለኛል። በ1935 የተወለደው ጌታቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ፣ ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ ለሳክስፎን የሰጠ ሰው ነው። ባንዱ በ2004 የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ተጋብዞ ሄደ፤ ሰማቸው፤ አጃቢዎቼ እናንተ ሁኑልኝ አላቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ሁለተኛው አልበም ተከተለ። ንጉሥ አናውቅም የሚሉ አናርኪስቶች በዘውድ መፈክር የተሰየመ ሸክላ ማሳተማቸው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

የሙያው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሽለላ በቋሚ ምት አይሄድም፤ ፎካሪው ትንፋሹ እንደመራው ይዘረጋል፣ ይቆርጣል፣ እንደገና ይወረወራል። ቅኝታችን ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ሥሩ ሙሉ ኮርድ ስታነጥፍለት ከኮርዱ ድምፆች አንዱ ከዜማው ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ በተለይ አንቺሆዬ ላይ። ዛሬ በየመድረኩ ኪቦርዱ ክፍተቱን ሁሉ ሲሸፍን ዜማው የሚፈዝዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይቀየሙኝ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ዘ ኤክሶች የጌታቸውን ሽለላ «ቼ በለው»ን ሲያጅቡ ኮርድ አያነጥፉም። ጊታሮቹ አንድ ቦታ ቆመው ይፈትጋሉ፣ ድራሙ ይዞራል፣ ሳክስፎኑ በላያቸው እንደ ልቡ ይፎክራል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሲነፋ እነሱ አንዴም ድምፃቸውን አልቀነሱለትም፤ እሱም እንዲቀንሱለት የፈለገ አይመስልም። አክብሮታቸው በመንገድ መልቀቅ ነበር፤ የሚፎክርበትን ቦታ ጠብቀውለታል።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ቅጂ አይወዱትም። ሻካራ ነው ይላሉ፤ በፊሊፕስ የታተመው የድሮ ሸክላው ይበልጣል ይላሉ። የድሮው ሸክላ ውብ ነው፤ አልክድም። እንደ ፉከራ ከቆጠርነው ግን የምመርጠው ከፓንኮቹ ጋር ያለውን ነው። ፉከራ ከኋላው ድምፁን የሚያሰማ ሠራዊት ያስፈልገዋል።

ጌታቸው በ2016 አርፏል። ጊታር የያዛችሁ ወጣቶች «ሞዓ አንበሳ»ን አግኙትና ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። በመጀመሪያው ዙር ሳክስፎኑን ተዉትና ሁለቱን ጊታሮች ብቻ ተከታተሉ፤ አንዱ መቼ ዝም እንደሚል ልብ በሉ።