«ሆን ብሎ ነው!»

ካዛንቺስ መንደር ውስጥ ኳስ የተጫወተ ሁሉ የሚያውቃት አቤቱታ አለች፤ «ሆን ብሎ ነው!» የምትል። አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። አብዛኛው ልጅ አቧራውን አራግፎ ይቀጥላል። አንዱ ግን ቡጢውን ይጨብጣል። እኛም ወዲያው እንፈርዳለን፤ «ባለጌ!»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተማሪዎቼ ትልቁ ችግር ቃል አለማወቅ አልነበረም፤ ያልተጻፈውን ማንበብ እንጂ። ተደባዳቢው ልጅም እንዲሁ ነው። ኬኔት ዶጅ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ ወንዶች ልጆች እየገጣጠሙት የነበረውን ሥዕል ሌላ ልጅ እንዳፈረሰባቸው እንዲያምኑ አደረገ። በተንኮል ፈረሰ ሲባል ጨዋውም ኃይለኛውም ተቆጣ፤ በስህተት ነው ሲባል ሁለቱም ታገሡ። ነገሩ በውል ሳይለይ ሲቀር ግን ኃይለኞቹ «ተንኮል ነው» ብለው አጸፋውን መለሱ።

ይህን ንባብ ከየት ተማሩት? ዶጅና ባልደረቦቹ በ1990 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ቤት ውስጥ ክፉኛ የተደበደቡ ሕፃናት የሰውን ድርጊት በክፉ የመተርጎም ዝንባሌ በርትቶባቸው ተገኘ። አይገርምም። አደጋ የሚያነፈንፈው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ የሚሉት፣ ሁልጊዜ ዘብ ይቆማል። «ቆይ እስቲ» የሚለው የፊተኛው አንጎል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና በመብሰል ላይ ነው።

የኛ መድኃኒት ታዲያ ምንድን ነው? ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ አለንጋ፣ ሲብስም በርበሬ ማጠን። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እንላለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል፤ አለንጋ ግን አንቀጽ አያነብም። «ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው» የሚልን ልጅ ስንገርፈው ማስረጃ እንጨምርለታለን።

«የተመታው ልጅስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጥፋት ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይካስ። «አንጎሉ ነው» ብሎ ማለፍም ስንፍና ነው፤ የተማሩት ንባብ ይታረማልና። «ሲገፋህ ወዴት እያየ ነበር? አደናቅፎት ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ አዋቂ ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለው አዋቂ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ልጆች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ክፍል፣ ወዳጅና ጠላቱ ያልታወቀ ፊት ሁሉ! እዚያ የሚቀበሏቸው መምህራን ከአለንጋው በፊት ጥያቄውን ያስቀድሙ።

ክፍለ ከተማችን በሦስት ዓመቱ ሕፃን በቂርቆስ ስም ይጠራል። በሕፃን ስም እየተጠሩ ሕፃን ማዳመጥ ማቃት ያስተዛዝባል።