የመወሰኛ ምክር ቤት በምናባዊ አገር፦ ስምና ሥልጣን

ምናባዊ አገር የሚፈጥር ደራሲ ሕግ አውጪውን በሁለት ምክር ቤቶች ሲከፍል፣ የላይኛው ብዙ ጊዜ ካባ የለበሱ ሽማግሌዎች የሚታዩበት መቼት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእኔ እምነት የኂስ ጥያቄያችን «እነማን ተቀመጡ?» ሳይሆን «እምቢ ማለት ይችላሉ ወይ?» መሆን ይገባዋል።

የራሳችን ታሪክ ለዚህ ማስረጃ አለው። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መኳንንቱ የተቀመጡበት ምክር ቤት «የሕግ መወሰኛ» ተባለ፤ አባላቱን የሚሾመውም ሕጉን የሚያጸድቀውም ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የ1948ቱም ሕገ መንግሥት ሹመቱን ለእርሱ ተወ። በድርሰቶቻቸው የምናውቃቸው ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ከጠቅላይ ሚኒስትርነት በኋላ የመሩት ይህንኑ ምክር ቤት ነው። «መወሰኛ» የሚለው ስም ራሱ ልብ ወለድ ነበር ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለው የስምና የሥልጣን መለያየት ለደብረ ታቦር እንግዳ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ዙፋኑ ጎንደር፣ ኃይሉ ግን ከራስ አሊ ጋር እዚሁ ነበር። ስለዚህ በተማሪዎቼ ድርሰቶች ውስጥ የላይኛው ምክር ቤት ሥልጣን አልባ መሆኑን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ጉድለቱ ደራሲው ይህን ሳያስተውል ሲቀር ነው። ድምፁ እንደማይወስን እያወቀ እጁን የሚያወጣ እንደራሴ ግን የተሟላ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የድርሰቱም ግጭት ከእርሱ ይጀምራል።