የሰያፉ መስታወት መሃል

ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በጥር ምሽት የኦሪዮን መቀነት ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ቴሌስኮፑም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከታች ባለው ዋና መስታወት የተሰበሰበው ብርሃን ተመልሶ ወደ ሰማይ ስለሚወጣ፣ በቱቦው አፍ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው በራሱ ጭንቅላት ይጋርደዋል። ኒውተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 በሠራው ቴሌስኮፕ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ብርሃኑን ወደ ጎን አወጣው። እኛም በእሱ ዘዴ ቆመን ከጎን እናያለን።

ቴሌስኮፕ ልሥራ የሚል ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋናው መስታወት ነው። እኔ ግን በዚያ ትንሽ ሰያፍ መስታወት ላይ ጊዜ ቢያጠፋ ደስ ይለኛል።

ከመስታወት ቤት የሚቆረጠው ተራ መስታወት አይሆንም፤ ሽፋኑ ከጀርባው ስለሆነ አንዱን ኮከብ ሁለት ያደርገዋል። የወረቀት ጠርዝ አስነክታችሁ ተመልከቱ። ጠርዙና ምስሉ ከተገናኙ ሽፋኑ ከፊት ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ ተዉት።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። ዋናው መስታወት 150 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200፣ ከሰያፉ እስከ ትኩረቱ 160 ቢሆን፣ የሰያፉ ስፋት ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ነው። ይህ ግን ለመሃል ነጥብ ብቻ ይበቃል። የጨረቃ ምስል እዚያ 10 ሚሊሜትር ተኩል ስለሚሰፋ፣ ጠርዟም እንደ መሃሏ እንዲደምቅ 29 ገደማ ያስፈልጋል። ይህም የሚጋርደው ከብርሃኑ 4 በመቶ የማይሞላውን ነው።

እኔን የሚማርከኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ ጫፉ የሚቀጥን የባሕር ዛፍ አጣና በሰያፍ ብትቆርጡት ፊቱ ሞላላ ይሆናል፤ እምብርቱ ግን የሞላላው መሃል ላይ አይውልም፤ በወፍራሙ በኩል ያለው ክፍል ይረዝማል። ከዋናው መስታወት የሚመጣው የብርሃን ሾጣጣም እንዲሁ ነው። ከዱራሜ ተነስቶ የሐምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃዎች ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው አጭር ቱቦ ይሻለዋል እንበል፦ 200 ሚሊሜትር መስታወት፣ 800 የትኩረት ርቀት፣ ከሰያፉ እስከ ትኩረቱ 240። ይህን በወረቀት ላይ በማስመሪያ ሥሩት። ከሾጣጣው ማዕከላዊ መስመር ወደ ዋናው መስታወት በኩል ያለው የሰያፉ ክፍል 48 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፤ በዓይን ሌንሱ በኩል ያለው 38 አይሞላም። ስለዚህ ሰያፉን ወደ ዋናው መስታወት 4 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ፣ ከዓይን ሌንሱም ያንኑ ያህል ራቅ አድርጎ ማጣበቅ ነው። ካልሆነ የሚታየው ሰማይ አንድ ጎኑ ይደበዝዛል። በረጅሙ ባለ 1200 ቱቦ ግን ፈቀቅታው 1 ሚሊሜትር አይሞላም፤ እንቅልፍ አያሳጣም።

በአጭሩ ቱቦ የዓይን ሌንሱን አውጥታችሁ በቀዳዳው ስታዩ ሞላላው ሰያፍ ክብ መስሎ ይታያል። በውስጡ የሚታየው የሰያፉ ጥቁር ጥላ ደግሞ ወደ ዋናው መስታወት ጠጋ ያለ ነው። ጥላው መሃል እንዲገባ ብሎን ማዞር አያስፈልግም፤ ቦታው እዚያው ነው።