ጀማሪ ተወዛዋዥ ምን ይማር?

ውዝዋዜ ልማር ብሎ ለተነሣ የአዲስ አበባ ወጣት የሚቀርብለት ትምህርት እንደ በዓል ማዕድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርባል። ጎንደሬው፣ ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ጉራግኛው፣ ወላይትኛው በጥቂት ወራት ውስጥ "ተጠናቆ" ይወጣል። ለመሆኑ አንድ ሰውነት በጥቂት ወራት ሰባት ዓይነት ሰውነት መሆን ይችላልን? ይህ ጸሐፊ አይችልም ባይ ነው።

ልማዱ ከሰማይ አልወረደም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የየአካባቢው ጭፈራ መድረክ ላይ ወጣ። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ተከተሉ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ዓለምን የዞረው "ሕዝብ ለሕዝብ" ደግሞ የብሔረሰቦችን ቅንብር የሀገር መታወቂያ አደረገው። ውበት ነበረው፤ ማንም አይክደውም። ኋላ የባህል ምግብ ቤቶች ቅንብሩን ወረሱትና ለክትፎና ለጠጅ ማጀቢያ አዋሉት።

ችግሩ ያለው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ለእያንዳንዱ ጭፈራ አራት ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ ሩጫ፣ ልብስ መቀየር፣ እንደገና መውጣት። ቀሚሱ ይለወጣል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። ጉራግኛውም ወላይትኛውም በእስክስታ ትከሻ ሲጨፈር ስንት ጊዜ አይተናል! ተመልካቹ "አሁን የማን ነው?" ሲባል የሚመልሰው ልብሱን አይቶ ነው።

ጭፈራዎቹ ግን አንዱ ከሌላው የሚለዩት በአልባሳት አይደለም። እስክስታ እግርን አሳርፎ ትከሻንና ደረትን ያነቃል፤ ችክችካውን የሚሸከመው ትንፋሽ ነው። ወሎዬው አንገቱን ለስለስ አድርጎ የሚይዝበትን ጎጃሜው በደረቱ ይመታዋል። ትግርኛው አምስት ላይ በሚቆጠር ምት ክብ ሠርቶ በእርጋታ ይራመዳል፤ ከበሮው ሲፈጥን ነው የሚፈነዳው፤ እርምጃውን ያልታገሠ ፍንዳታውን አያገኘውም። ጉራግኛው ጉልበትና እግር ይጠይቃል፣ ፋታም አይሰጥም። ወላይትኛው ወገብ ነው። በጉዳዩ ላይ የውጭ ሰዎች እንኳ ቀድመውናል፤ ሀንጋሪያዊው ጂዮርጂ ማርቲን ከባልደረባው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 መጥቶ ጭፈራችንን ካጠና በኋላ በ1967 ስለ ዓይነቶቹ የጻፈውን አሳትሟል። እኛ ዛሬም "የባህል ውዝዋዜ" ብለን በአንድ ከረጢት እንከተዋለን።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ፉሪን እንውሰድ። ከተማው በደቡብ በኩል እየገፋ የደረሰባት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መነሻ ጣቢያ በስሟ የተጠራላት ፉሪ፣ ዛሬ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ሰፍሮባታል። አፈሩ ግን የቱለማ ነው። ረገዳው፣ ማለትም እግር መሬቱን የሚደቃበት፣ አንገት የሚወረወርበት፣ አውጪና ተቀባይ የሚመላለሱበት የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ፣ ባለቤቱ ጎረቤት ነው። ሆኖም የፉሪ ልጅ ሁለት ታክሲ ይዞ መሀል ከተማ ሄዶ ረገዳን ከቪዲዮ ከቀዳ አሠልጣኝ ሲማር፣ በሰፈሩ ሠርግ እናቶች ሲጨፍሩት ቆሞ አያይም። እኔ ከዚያ ሠርግ ጀምር እለዋለሁ። የዘር ጉዳይ አይደለም፤ የጉራጌ ልጅ ከሆነ ደግሞ አክስቱ አለችለት። ሲሳሳት የሚስቅበት ባለቤት ያለው ጭፈራ በትክክል ይለመዳል። ምግብ ቤት ውስጥ ማንም አይስቅበትም፤ ሽልማት ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል እንጂ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የራቀ ይሁን። በእግርና በአንገት የጀመረ ወደ ትከሻ ይሂድ። እስክስታን "እችለዋለሁ" የማይል ስለሌለ ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ያወቁትን መርሳት ይጠይቃል።

"እንጀራስ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ቀጣሪው ሰባቱንም ይፈልጋል፣ የቤት ኪራይም አይጠብቅም። አምስቱን ለሥራው ያህል ይልመዳቸው፤ ሁለቱን ግን እስከ ሥራቸው። መላኩ በላይ የካዛንቺሱ ፈንድቃ ውስጥ ስሙን የተከለው በእስክስታው ነው፤ ሌላው የመጣው በዚያ ላይ ነው።

ዘመናዊ ዳንስስ? ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 የአዲስ አበባን የጎዳና ልጆች ይዞ "ካርሚና ቡራና"ን ካሳየ በኋላ አዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ከዚያ የወጣው ጁነይድ ጀማል በ2004 ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ዘንድ ለመማር ተመርጧል። መውደቅና መነሣትን፣ ወለልን መጠቀምን ያስተምራል፤ ጥሩ ሦስተኛ ነው።

ምርጫው ከአሠልጣኙም ጋር ይያያዛልና፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ይህን ጠይቀው፦ የትኛውን ከማን ተማርከው? ከዚያም የመረጠውን ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጥ ይጨፍርልህ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ልብስ ልቀይር ብሎ ከገባ፣ ጫማህን አድርገህ ውጣ።