የመንዝ ጣራ፣ የጅሩ ትልም

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። ለሰሜን ሸዋ ደገኛ ገበሬ ግን ክረምት የሚጀምረው ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ጣራውን ቀና ብሎ አይቶ «ይህ እንኳ ዘንድሮን አያልፍም» ያለ ዕለት ነው። ጥቂት ጥማድ መሬት፣ አንድ ጥንድ በሬ፣ ጥቂት በጎችና አንድ የሳር ቤት ያለው ቤተሰብ በግንቦትና በሰኔ የሚሠራውን ጠጋ ብዬ ባየሁ ቁጥር የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ዝናቡን አይታገሉትም፤ ይመሩታል። ከጉልላቱ እስከ ማሳው ግርጌ ለውሃው መሄጃ ያበጁለታል። ያለ ውሃ ልክና ያለ ሜትር፣ በዓይንና በእጅ።

መንዝ ላይ የቤቱ ግድግዳ ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ የሚባለው ሳር ነው። ጓሳው ራሱ የትዕግሥት ፍሬ ነው። ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋውን የጓሳ ሜዳ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። ሳሩ እስኪጎለምስ ሜዳው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሜዳው ዛሬም በአካባቢው ማኅበረሰብ እጅ የተጠበቀ ነው። ይህን የማነሳው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ያለ ዕድሜው የታጨደ ሳር ለበሬ እንጂ ለጣራ አይሆንም፤ የክዳኑ ጥራት የሚጀምረው ማጭድ ካልነካው ከዚያ ሜዳ ነው።

ጥሩ ከዳኝ ጓሳውን ወደ ጣራ ከማውጣቱ በፊት ያጠራዋል። እስሩን በአንድ እጁ ጨብጦ ያራግፈዋል፤ አጭሩና የተሰበረው ይረግፋል፣ ረጅሙ ይቀራል። ከዚያ ከክፈፉ ይጀምራል። የመጀመሪያው ረድፍ ወፈር ብሎ ከግድግዳው ወጣ ይላል፤ የጣራው ውሃ ሁሉ የሚወርደው በእሱ ላይ ስለሆነ ድንጋዩን ሳይነካ መሬት መውደቅ አለበት። ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ማሰሪያ ይሸፍናል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን፤ እንዲህ እያለ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ማሰሪያውም ከዚያው ከጓሳ የተገመደ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድም ቋጠሮ አይታይም። ቋጠሮው የታየ ጣራ ያፈሳል፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ወደ ማገሩ ይገባልና።

ጥገናው ደግሞ ከአዲስ ክዳን ይከብዳል ባይ ነኝ። ከዳኙ መጀመሪያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ሽቅብ ያያል። በጥቀርሻ በጠቆረው ጣራ ውስጥ መርፌ የምታህል ብርሃን ካየ በረጅም እንጨት ወደ ውጭ ይወጋታል፤ ወጥቶ ሲያይ የእንጨቱ ጫፍ ቦታውን ያሳየዋል። አሮጌውን ሳር ቀና አድርጎ አዲሱን ከሥሩ ይሰካል እንጂ ከላይ አይጭነውም። ከላይ የተጫነ ነፋስ ይወስደዋል፤ ከሥር የተሰካ ግን ከአሮጌው ጋር አብሮ ይተኛል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስም የበኩሉን ይሠራል፤ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ተባይ ያርቅለታል። ዛሬ ብዙው ሰው ቆርቆሮ ይመታል። አልነቅፍም፤ ጓሳም ከዳኝም በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም በሐምሌ ሌሊት በረዶ ሲወርድ በቆርቆሮና በጓሳ ሥር ያደረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ከጣራው ወርደን ወደ ማሳ እንሂድ፤ ለዚህ ደግሞ ሞረትና ጅሩን፣ እነዋሪ አካባቢን የሚያህል የለም። መሬቱ መረሬ ነው። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት አብጦ ይደፈንና ውሃውን ከላዩ ያቁራል። ስንዴም ምስርም ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ቢጫ ይሆናል። የእነዋሪ ገበሬ ለዚህ ያገኘው መላ መደብ ነው። ዘሩ ከተበተነ በኋላ በሬዎቹ እየተመለሱ ትልም ያወጣሉ፤ ከዚያ ቤተሰቡ ማሳ ውስጥ ይገባል። ሴቶቹና ልጆቹ ጎንበስ ብለው ከትልሙ አፈር በሁለት እጃቸው እየዛቁ ወደ መደቡ ይመልሳሉ። ጓሉን በመዳፍ ይሰብራሉ፣ ዘሩን ያለብሳሉ፣ መደቡን መሐሉ ላይ በትንሹ ከፍ ያደርጉታል። ትልሙ ግርጌ ላይ የቀረ አንድ ጓል ውሃውን አግዶ መደቡን ስለሚያፈርስ፣ ጨርሰው ሲወጡ ትልሙን በእግራቸው እየጠረጉ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው መደቦቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወርድ ይዘው ይሄዳሉ። ገመድ የዘረጋ ግን የለም።

በ1970ዎቹ መገባደጃ የዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎች ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሠሩ፣ የእነዋሪ ቤተሰብ በእጁ ሲሠራው የኖረውን ነበር ለበሬ ሊያሸክሙት የሞከሩት። ደግ አደረጉ፤ ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። የሐሳቡ ባለቤቶች ግን ጎንበስ ብለው አፈር የዛቁት ናቸው።

ተዳፋት ማሳ ላይ ደግሞ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ትልም ይወጣል። እዚህ ጋ ነው የዓይን ሚዛን የሚፈተነው። ፈሰሱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። ጨርሶ አግድም ከሆነ ደግሞ ውሃው ይተኛና ሞልቶ ይሰብረዋል። ጥሩ አራሽ በሰያፍ ያወጣዋል፤ ምን ያህል ሰያፍ እንደሆነ ቢጠየቅ በእጁ ያሳያል እንጂ በቁጥር አይናገርም። ማብቂያውም የታሰበበት መሆን አለበት፤ የላይኛው ማሳ ውሃ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ከተለቀቀ ክረምቱ በሽምግልና ያልቃል። ክፉ ፈሰስ መሬት እንደሚያጠፋ አይካድም። ለዚህም ነው በደንብ የወጣውን ማድነቅ የሚገባው።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ሞፈሩና ቀንበሩ ይፈተሻሉ፣ የላላው ሽብልቅ ይጠብቃል፣ የደረቀው ምራን ቅባት ይጠጣል፣ ማረሻው ቀጥቃጭ ቤት ደርሶ ይመጣል። ጎተራው ከድንጋይ እግሩ በላይ በጭቃ፣ በጭድና በእበት ይለሰናል። አንድ ነገር ግን አልዘልም፤ የኩበቱን ክምር። እንጨት በሌለበት ደጋ የክረምት እሳት እሱ ነው። ባለሙያ ሴት ደረቁን ኩበት ጠርዙን እያደራረበች ወደ ላይ እያጠበበች ትቆልለውና ውጩን በእርጥብ እበት ትመርገዋለች። ልስኑ ሲደርቅ ዝናቡ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ምርጉ ላይ የጣቶቿ መስመር ይቀራል፤ ሁሉም ቁልቁል የሚወርድ ነው። ከዳኙ ጣራ ላይ የሠራውን እሷ ክምሩ ላይ ሠርታዋለች።

የግብርና ባለሙያዎችና የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች ይህን ሥራ በገበሬው ማሳና ግቢ ተገኝተው ቢለኩት፣ ቢስሉትና ቢጽፉት ምኞቴ ነው። በሰኔ በደብረ ብርሃን በኩል የምታልፉ ከመኪናችሁ ውረዱ፣ ጣራ ላይ ከዳኝ ካያችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቁት በየዓመቱ እያነሱ ነው።