ቤቱን ከነሰፈሩ ማየት

የቤት ማስታወቂያ ዋጋውንና የክፍሎቹን ብዛት ይነግረናል፤ ቦታውን ግን ብዙ ጊዜ በሰፈር ስም ብቻ ያልፈዋል። ይህን ጉድለት ካቃለሉት ቀዳሚዎች አንዱ ፖል ራደማከር የተባለ ፕሮግራመር ነው። ጎግል ማፕስ በ2005 እ.ኤ.አ. በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ክሬግስሊስት በተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ የወጡ የኪራይና የሽያጭ ቤቶችን ከካርታው ጋር አዋሕዶ ሃውሲንግማፕስ የተባለ ድረ ገጽ ሠራ። ጎግል ካርታውን ለሌሎች ፕሮግራመሮች ገና በይፋ አልከፈተም ነበርና የካርታውን ኮድ ራሱ መርምሮ ነው የሠራው።

አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ተጠቃሚው ከተማውንና አቅሙን ይመርጥ ነበር፣ ቤቶቹም በየመንገዳቸው ላይ በምልክት ይታዩ ነበር። አንዱን ሲጫን የቤቱ ዝርዝር ብቅ ይል ነበር።

ይህን አሠራር የምወደው ለፈላጊው ስለሚያደላ ነው። ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አጠገቡ ያለው ቤት በስንት ዋጋ እንደቀረበ በአንድ እይታ ያያል። አዲስ አበባ ውስጥ «ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ» የሚል ማስታወቂያ አምኖ የሄደ ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል፤ «ትንሽ» የተባለው መንገድ ርዝመቱ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቤት ፈላጊ ከደላላው እኩል ቦታውን አውቆ እንዲደራደር የሚያደርግ መሣሪያ ምስጋና ይገባዋል።